ድርጅታችሁ እያደገ ከሆነ እነዚህን አንብቡ፣ የስኬቱን መደርደሪያ ለጊዜው ተዉት

ሥራዬ የሰው ሒሳብ ማገላበጥ ነው። የአስመጪ፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ የኬክ ቤት፣ የክሊኒክ። የገቢዎች ጣጣ ካለቀ በኋላ ቡና ይመጣል፣ ባለቤቱም ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ "እስቲ አንድ የሚነበብ መጽሐፍ ጠቁመኝ፣ ራሴን ማሳደግ እፈልጋለሁ" ይለኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ደስ የማይለኝ ከጀርባው ያለው መደርደሪያ ነው። ስለ ስኬት ምስጢር፣ ስለ አስተሳሰብ ለውጥ፣ ስለ ሚሊየነሮች ልማድ የሚያወሩ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ እንደተገዙ ናቸው፣ አልተገለጡም።

እቅጩን ልንገራችሁ። ሃያ ሠላሳ ሰው ቀጥሮ በየወሩ ደመወዝ የሚከፍል ሰው የጎደለው ተነሳሽነት አይደለም። ተነሳሽነት ባይኖረውማ መች እዚህ ይደርስ ነበር? እነዚያ መጻሕፍት እንደ ጠዋት ቡና ናቸው፣ ያነቃሉ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ይቆያሉ፣ አለቀ። እያደገ ያለ ባለቤትን ጠፍሮ የሚይዘው ሌላ ነው። የራሱን ሒሳብ ማንበብ አይችልም፣ ሥራውን ለሰው ማስረከብ አይሆንለትም፣ መጥፎ ወሬ ደግሞ እሱ ጋ ሲደርስ ሁሌ ዘግይቶ ነው። ንባቡም ወደዚህ ቢያጋድል ይሻላል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የማስነብባቸው መጽሐፍ አይደለም። የራሳቸው ድርጅት የዓመት ሒሳብ ነው። ፈርመውበታል እንጂ አላነበቡትም። ኦዲተሩ ያመጣል፣ ባለቤቱ "ግብሩ ስንት መጣ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ይፈርማል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። በቃ።

በምሳሌ እንየው። ዘንድሮ 12 ሚሊዮን ብር ሸጣችሁ፣ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 1.8 ሚሊዮን አተረፋችሁ እንበል። ደስ ይላል። ባንክ ያለው ብር ግን ከአምናው አንሷል፣ ለሰኔ ደመወዝም ከወንድማችሁ ተበድራችኋል። "ማነው የሚሰርቀኝ?" ይጀመራል፣ ገንዘብ ያዧ በጎሪጥ ትታያለች። መልሱ ግን መሳቢያ የገባው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ተሰብሳቢ ሒሳብ የሚለውን መስመር እዩት፤ አምና 1 ሚሊዮን የነበረው ዘንድሮ 3.4 ሚሊዮን ሆኗል። 2.4 ሚሊዮን ብር በዱቤ ወጥቶ ደንበኛ እጅ ቀርቷል ማለት ነው፣ ከዓመቱ ትርፋችሁ በ600 ሺህ ይበልጣል። ማንም አልሰረቃችሁም። አበድራችሁ ነው፣ ያውም ያለ ወለድ። ይህን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም፣ የሁለት ዓመቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ ጣትን በየመስመሩ ማውረድ ይበቃል። ሒሳብ ሠራተኛችሁን አንድ ከሰዓት አስቀምጡና በእያንዳንዱ መስመር ላይ "ይሄ ምንድነው? ለምን ጨመረ?" እያላችሁ ጠይቁ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ጨርሱት።

ከዚያ በኋላ የፊል ናይትን "ሹ ዶግ" አንሱ። (የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የናይኪ መሥራች የራሱን ታሪክ የተረከበት መጽሐፍ ነው፣ በ2016 የወጣ። ብዙ ሰው የሚያነበው ለጀግንነቱ ነው፣ እኔ የምወደው የባንኩን ጣጣ ነው። ናይት የሒሳብ ሰው ነበር፣ ፕራይስ ዋተርሃውስ የሚባል የኦዲት ድርጅት ውስጥ ሠርቷል፣ ዩኒቨርሲቲም አካውንቲንግ አስተምሯል። በ1964 ከሩጫ አሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር አምስት አምስት መቶ ዶላር አዋጥተው ከጃፓን ጫማ ማስመጣት ጀመሩ፣ እሱም መኪናው ኋላ እየጫነ በየውድድር ሜዳው ይቸበችብ ነበር። ሽያጩ በየዓመቱ እጥፍ ወደመሆን ሲሄድ ባንኩ በመደሰት ፋንታ ይቆጣዋል፤ ያለው ገንዘብ ሁሉ ዕቃ ሆኗላ! የሸጠበት ብር ገና ሳይሞቅ ለሚቀጥለው ጭነት ይሄዳል። በ1975 ቼኮቹ ተመለሱበት፣ ባንኩም ከእንግዲህ አብረን አንሠራም ብሎ አሰናበተው፣ ዕዳውን ከፍሎ ያወጣው ኒሾ ኢዋይ የሚባል የጃፓን የንግድ ኩባንያ ነው። ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ከፍቶ፣ ዕቃው ጂቡቲ ቆሞበት፣ ኦቨርድራፍቱ (ከሒሳቡ በላይ ባንኩ የፈቀደለት ብድር) ጫፍ የደረሰበት አስመጪ እዚህ ምዕራፍ ላይ ላብ ያጠምቀዋል። እያተረፉ መክሰር እንዴት እንደሚቻል ከዚህ በላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ መጽሐፍ የለም። ታሪኩ የሚያበቃው ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ በሸጠበት በ1980 ነው፤ ሀብታም ከሆነ በኋላ ያለውን አይደሰኩርብንም፣ እግዜር ይስጠው።

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን አንዲ ግሮቭ በ1983 ያሳተመውን "ሃይ አውትፑት ማኔጅመንት" እላለሁ። ግሮቭ የቡዳፔስት ልጅ ነው፣ አይሁዳዊ። በልጅነቱ ከናዚዎች ተደብቆ ተርፏል፣ ከ1956ቱ የሃንጋሪ አመፅ በኋላ በሃያ ዓመቱ ድንበር አቋርጦ አሜሪካ ገባ፣ ቆይቶም የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ የኢንቴል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። መሐንዲስ ስለሆነ ነው መሰለኝ ወሬ አያበዛም። መጽሐፉን የሚጀምረው በቁርስ ነው። ቅቅል እንቁላል፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ቡና፤ ሦስቱም እንደሞቁ እኩል ጠረጴዛ ላይ እንዲደርሱ ምኑ ከምኑ ይቅደም? ብዙ ጊዜ የሚወስደው እንቁላሉ ስለሆነ ሌላው ሁሉ በእሱ ልክ ይታቀዳል። ይኸው ነው።

ቀላል ይመስላል አይደል? አንድ ቁምሳጥንና የቢሮ ጠረጴዛ የሚያመርት ደንበኛዬ ይሄን ገጽ አንብቦ ወደ ወርክሾፑ ወረደ። ቆራጮቹ ይቆርጣሉ፣ ገጣጣሚዎቹ ይገጣጥማሉ፣ አለቀ የተባለው ቁምሳጥን ግን ቫርኒሹ እስኪደርቅ ግቢውን ሞልቶ ቆሟል፤ ዳመና በመጣ ቁጥር ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ላስቲክ ሊያለብስ ይሮጣል። ሰውየው በዚያ ሰሞን ሌላ መቁረጫ ማሽን ሊገዛ ፕሮፎርማ እየሰበሰበ ነበር። ማሽኑ ቢገዛ ኖሮ ግቢው የበለጠ ይሞላ ነበር፣ ሌላ ለውጥ አይመጣም። ፕሮፎርማውን ተወውና ለቀለም ቤቱ ጣሪያ አስመታ፣ ማራገቢያ አስገባ። የእሱ እንቁላል ቫርኒሹ ነበር።

የግሮቭ ዋና ሐሳብ ግን ሌላ ነው። የአንድ ሥራ አስኪያጅ ውጤት የሚለካው በሥሩ ያሉት ሰዎች ባወጡት ሥራ፣ እንዲሁም እሱ ተጽዕኖ በሚያሳድርባቸው ሌሎች ክፍሎች ሥራ ነው ይላል። ራሱ ስንት ሰዓት ሲሯሯጥ ዋለ የሚለው እዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ይሄ ዓረፍተ ነገር ስንቱን ባለቤት ያሳምማል መሰላችሁ! አንዲት ቅርንጫፎች ያሏት የኬክ ቤት ባለቤት ቢሮ ቁጭ ብለን የቫት ሪፖርት እያየን ነው፣ ስልኳ አላስቀመጠንም። "እትዬ፣ የሰርግ ኬክ ያዘዘችው ሴትዮ ትንሽ ካልቀነሳችሁልኝ ትላለች፣ እሺ ልበላት?" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "እትዬ፣ የዱቄቱ ሰውዬ መጥቷል፣ ቼኩን ማን ይሰጠዋል?" ከዚያ "እትዬ፣ ጀነሬተሩ ናፍጣ ጨርሷል።" ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረችና "አየህ፣ እኔ ከሌለሁ አንድ ነገር አይንቀሳቀስም" አለችኝ። በኩራት ነው የተናገረችው። እንደ ግሮቭ ከሆነ ግን የዚያ ኬክ ቤት እንቁላል እሷ ራሷ ናት፤ ሁሉም ነገር እሷ እስክትበስል ቆሞ ይጠብቃል።

"እና ለማን ላስረክብ? የሚታመን ሰው አለ እንዴ?" የሁሉም መልስ ይሄ ነው። እውነት አላቸው፣ በከፊል። ግሮቭም ቢሆን ጥላችሁ ሂዱ አይልም፣ አስረክቦ አለመከታተልን ሥራን እንደመተው ነው የሚያየው። የክትትሉ መጠን ሰውየው ለዚያ ሥራ ባለው ልምድ ይወሰናል። አዲስ ሰው ምን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚሠራ አንድ በአንድ ይነገረዋል። ሥራው እጁ የገባለት ሰው ግቡ ተነግሮት ይለቀቃል፣ ውጤቱ ይታያል። ልብ በሉ፣ ልምዱ የሚለካው ለየሥራው ነው። አንደኛ የነበረው የሽያጭ ሠራተኛ የቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም እንደገና አዲስ ሰው ነው። እኛ አገር ግን ሹመቱን እንሰጠውና "አንተማ ጎበዝ ነህ፣ ታውቀዋለህ" ብለን እንለቀዋለን፤ ከሦስት ወር በኋላ ሲበላሽ "ሥልጣን አበላሸው" እንላለን። ማን አሠለጠነው? ማሠልጠን የአለቃው የራሱ ሥራ ነው የሚል ሙሉ ምዕራፍ አለው፣ ለአሠልጣኝ ድርጅት ከፍሎ መገላገል አይደለም።

ሰው ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ ምክንያቱ ወይ አለመቻል ወይ አለመፈለግ ነው ይላል። መለያውም ጥያቄ ነው፤ ሰውየው ሕይወቱ በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ይሠራው ነበር? ከሆነ ችግሩ ፍላጎት ነው። ካልሆነ ሥልጠና። ማስጠንቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ይሄን ብትጠይቁ ስንት ወረቀት ይተርፍ ነበር።

ሌላው የወደድኩት ከአንድ ሠራተኛ ጋር ለብቻ የመቀመጥ ልማዱ ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ አጀንዳውን የሚያመጣው ሠራተኛው፣ አለቃው አብዛኛውን ጊዜ ሰሚ። እዚህ ስትሞክሩት የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ጸጥታ ይሆናል፣ አትደንግጡ። "አለቃ ይፈልግሃል" ሲባል ምን አጠፋሁ ብሎ ላብ በላብ ሆኖ የሚገባ ሰው በአንድ ቀን አፉን አይከፍትም። ታገሱት። ስለ ማትሪክስ አደረጃጀት (አንድ ሠራተኛ ለሁለት አለቃ ስለሚያድርበት) የሚያወራውን ክፍል ግን ድርጅታችሁ ትልቅ ካልሆነ ዝለሉት፣ ምንም አይቀርባችሁም።

ወሬ ስለማይደርሰው አለቃ ደግሞ ሁለት መጽሐፍ አለኝ፣ አንዱ የኛው ነው። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ"። አዎ፣ ልቦለዱ! በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበው፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ከቤቱ ወጥቶ የቀረበት። ብዙዎቻችን ለፍቅር ታሪኩ፣ ለፊያሜታ ብለን ነው ያነበብነው። አሁን አለቃ ሆናችሁ እንደገና አንብቡት። ታሪኩ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ የከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፣ በጀት አለ፣ ዕቅድ አለ፣ ስብሰባ በስብሰባ ላይ አለ፣ መፈክሩማ አይጠየቅም። የአማፅያኑ ምሽግ ናቅፋ ግን አልተያዘችም። በላይኛው ጠረጴዛ የሚወራውና መሬት ላይ ያለው እየተራራቀ ሲሄድ፣ አውቆ ዝም የሚለውም ሲበዛ ታያላችሁ። የሩብ ዓመት ሪፖርት ቀርቦላችሁ ሁሉም ቁጥር አረንጓዴ በሆነበት ማግስት ብታነቡት ጥሩ ነው።

ሁለተኛው የጋዜጠኛው የጆን ካሪሩ "ባድ ብለድ" ነው፣ የ2018። ኤልዛቤት ሆምዝ በ2003 ስለመሠረተችውና በጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ እሠራለሁ ይል ስለነበረው ስለ ቴራኖስ ነው። ኩባንያው እስከ 9 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር፣ ማሽኑ ግን እንደተባለው አይሠራም ነበር። ሆምዝ በ2022 ጥፋተኛ ተብላ ከ11 ዓመት በላይ ተፈርዶባታል። እኔን የያዘኝ ግን ማጭበርበሩ አይደለም፣ ቦርዱ ነው። ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆርጅ ሹልትዝን የመሳሰሉ የቀድሞ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ሞልተውበት ነበር፤ ደም ምርመራ የሚያውቅ ሰው ግን እምብዛም። የሹልትዝ የልጅ ልጅ እዚያው ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበርና ነገሩ ልክ አይደለም ብሎ ለአያቱ ነገራቸው። አያትየው ያመኑት ሆምዝን ነው። እዚህም አክሲዮን ማኅበር ሲቋቋም ቦርድ ውስጥ ስመ ጥር ሰው መሰብሰብ እንወዳለን። ሥራውን የሚያውቀው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አላየሁም።

ሕግም አንብቡ። ተኝታችሁበት እንደምታውቁ እገምታለሁ፣ ግን አንብቡ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ብዙው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። በድሮው ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ስንቱ የሚስቱን ወይ የወንድሙን ስም ለወጉ ያህል አስገብቶ፣ ኋላ ፍቺ ወይ ውርስ ሲመጣ ፍርድ ቤት ተንከራተተ! አዲሱ ባለ አንድ አባል ማኅበር ይፈቅዳል። የሥራ አስኪያጅን ኃላፊነት የሚደነግገውንና ድርጅት ዕዳ መክፈል ሲያቅተው ከመፍረሱ በፊት መልሶ ስለሚደራጅበት መንገድ የሚያወራውን ክፍል ብቻ ብታነቡ እንኳ ቀላል አይደለም። ነጋሪት ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ነው የሚያትመው፣ አንዱ ባይገባችሁ ሌላው ይገባችኋል።

የብሔራዊ ባንክ መመሪያም እንደዚያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ነገር ሲለወጥ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ በአንድ ቀን ከ74 አለፈ። ያን ሳምንት ስልኬ እረፍት አልነበረውም። የሚደውልልኝ ሁሉ የቲክቶክ ወሬ ይዞ ነው፤ መመሪያው ግን ወጥቶ ነበር፣ እንዳይገቡ ተከልክለው የነበሩ 38 የዕቃ ዓይነቶች እንደተፈቀዱም በይፋ ተነግሯል። ቀድመው ያነበቡት በዚያው ሳምንት አቅራቢዎቻቸውን እያነጋገሩ ነበር።

ትንሽ ወደ ኋላ ለሚሄድ ሰው የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" አለ። ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ ነው። የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ነበሩ፣ ንግድን ከጠረጴዛው ወዲህ ሆነው አይተውታል። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን ድሃ ሆኖ እንደሚቀር የጻፉትን ስታነቡ፣ ቡናና ሰሊጥ ልኮ ማሸጊያ ካርቶን ሳይቀር የሚያስመጣ ነጋዴ ትዝ ይላችኋል። አማርኛው ቆየት ያለ ነው፣ ግን ይነበባል። ለእኔ ከብዙ የዛሬ ትርጉም መጽሐፍ ይልቅ ይጠራል።

ስለ ትርጉም ካነሳን፣ በየመንገዱ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ምዕራፍ የተዘለለባቸው ናቸው፣ ተርጓሚው የከበደውን ትቶት ነው የሚያልፈው። እንግሊዝኛ እስካነበባችሁ ድረስ ዋናውን ብትይዙ ይሻላል። እንግሊዝኛው ያስፈራኛል ለሚል ደግሞ አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን በፌት በየዓመቱ ለኩባንያው ባለ አክሲዮኖች የጻፋቸውን ደብዳቤዎች እጠቁማለሁ። ሲጽፍ ለእህቶቹ ለዶሪስና ለበርቲ የሚያወራ ያህል አስቦ እንደሚጽፍ ተናግሯል፤ ብልህ ሴቶች፣ ግን የሒሳብ ባለሙያ ያልሆኑ። ስለዚህ ቋንቋው ቀላል ነው። ከ1977 ጀምሮ ያሉት በኩባንያው በበርክሻየር ሃታዌይ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጠዋል፣ አትከፍሉም፣ አትመዘገቡም።

የኛ አገር የኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት መቅድም ስታነቡ ስህተት የሚባል ነገር የለም። ዓለም አቀፍ ሁኔታው አስቸጋሪ ነበር፣ በማኔጅመንቱ ብርቱ ጥረት ግን... እያለ ይቀጥላል። በፌት የ2007ቱ ደብዳቤ ላይ ዴክስተር የሚባል የጫማ ፋብሪካ በ1993 በ433 ሚሊዮን ዶላር መግዛቱን ያነሳና እስከዛሬ ከሠራኋቸው ግዢዎች ሁሉ የከፋው ይሄ ነው ይላል። የከፈለው በበርክሻየር አክሲዮን ስለነበር፣ አክሲዮኑ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስለተመነደገ፣ ባለ አክሲዮኖቹን ያከሰራቸው 3.5 ቢሊዮን መሆኑን ራሱ አስልቶ ይነግራቸዋል። ማንም ሳይጠይቀው! አክሲዮን ሰጥቶ ነገር መግዛት ለምን ውድ እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ይገባችኋል። ዘመድ ወይ ጓደኛ "ድርሻ ስጠኝና ቦታዬን ልስጥህ" ያላችሁ ካላችሁ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ያንን አንቀጽ አንብቡ። ከእሱ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ 1977 ተመልሳችሁ በየዓመቱ ቀጥሉ፤ ስለ ኢንሹራንስ የሚያወራው ሲበዛባችሁ እያለፋችሁ።